ዋንዛው መቼ ተሰነጠቀ? ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት ስለ መምረጥ

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ ጋብ ባለበት የቅዳሜ ጠዋት፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ መርካቶ ወርጄ ሦስት የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ። የምግብ ጠረጴዛ ልሠራባቸው ነበር። መልካቸው ዐይን ይይዛል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያለ መስመር ይሄድበታል። ሻጩ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረገ፣ «ወንድሜ፣ ይህ የልጅ ልጅህ የሚበላበት እንጨት ነው» አለኝ። አመንሁት።

ጣውላዎቹን አስላግቼ፣ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቄ፣ ከሥር ካለው ፍሬም ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኋቸው። እስከ ኅዳር ድረስ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ በእጁ ሳይዳስሰው አያልፍም ነበር። ጥር ላይ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ከሳሎን እንደ ጅራፍ ጩኸት ያለ ድምፅ ተሰማ። ጠዋት ስናየው ገበታው ከጫፉ እስከ መሐሉ ተሰንጥቋል። የአንድ ብር ሳንቲም በቁሙ ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

እንጨቱ ዋንዛ ነበር፤ በዚህ ሻጩ አልዋሸኝም። እኔ ግን መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም፦ ግንዱ መጋዝ ቤት ገብቶ የተሰነጠቀው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ከአናጢዎችና ከመሰንጠቂያ ቤት ሠራተኞች ብዙ ሰምቻለሁ፣ በእጄም ሞክሬአለሁ። ለራሱ ቤት ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ወይም አልጋ ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው ነገር ቢኖር እንጨት መምረጥ ከስሙ ይልቅ በውስጡ ካለው ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

ጋቢው ሲደርቅ

የታጠበ ጋቢ ገመድ ላይ ሲሰጣ መጀመሪያ ውሃው ይንጠባጠባል። ይህ በክሮቹ መካከል የተጠራቀመው ውሃ ነው፤ እሱ ሲወርድ ጋቢው ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ከዚያ ቀጥሎ ክሩ ራሱ የያዘው እርጥበት መውጣት ይጀምራል፤ ጋቢው የሚኮማተረው ያን ጊዜ ነው። እንጨትም እንዲሁ ነው። አዲስ የተቆረጠ ግንድ ውሃውን በሁለት ቦታ ይይዛል፦ በባዶ ቱቦዎቹ ውስጥና በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ። የቱቦው ውሃ ተሟጦ የግድግዳው ብቻ ሲቀር የእንጨቱ እርጥበት ወደ 30 ከመቶ ገደማ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ጣውላው በመጠኑ አይለወጥም። ከ30 በታች ሲወርድ መሸብሸብ፣ መጣመምና መሰንጠቅ ይጀምራል።

ይህ መቶኛ የሚለካው ከፍጹም ደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ነው። አሁን 140 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ 100 ግራም ቢሆን እርጥበቱ 40 ከመቶ ነበር ማለት ነው።

እንጨት ግን አንዴ ደርቆ አያበቃም። ካለበት አየር ጋር ሲቀባበል ይኖራል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ የአየሩ እርጥበት 50 ከመቶ ከሆነ እንጨቱ ወደ 9 ከመቶ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 ከመቶ ከሆነ ወደ 16 ይወጣል። የአዲስ አበባ ክረምትና በጋ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይመላለሳሉ። በሐምሌ ያበጠው የቁም ሳጥን በር አልዘጋ የሚለው፣ በየካቲት ደግሞ ያው በር የሚንኳኳው ለዚህ ነው። ቫርኒሽ ይህን ልውውጥ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ሌላው የሚደንቀው ነገር እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሸብሸቡ ነው። በቁመቱ የሚያጥረው ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ 0.1 ወይም 0.2 ከመቶ ብቻ ስለሆነ የሚቆጠር አይደለም። ከግንዱ ልብ ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው አቅጣጫ ብዙዎቹ የቤት ዕቃ እንጨቶች ከ3 እስከ 5 ከመቶ ይጠባሉ። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ግን እጥፍ ያህል፣ ከ6 እስከ 10 ከመቶ። የእንጨት መጣመም ሁሉ ምንጩ ይህ አለመመጣጠን ነው። የጣውላውን ጫፍ ቢመለከቱ ቀለበቶቹ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጠው ይታያሉ፤ ጣውላው ሲደርቅ ቀስቱ ቀጥ ለማለት የሚሞክር ይመስል በተቃራኒው በኩል ይጎደጉዳል።

በእኔ ጠረጴዛ የሆነው ከዚህ ሁሉ ቢደመር ግልጽ ነው። ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር እርጥበቱ በአምስት ነጥብ ብቻ ቢወርድ እንኳ እንደ ዛፉ ዓይነት 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠብ ይችላል። የእኔ ከዚያ እጅግ የበለጠ ውሃ ይዞ ነበር። መጥበብ ሲፈልግ ብሎኖቹ ጨምድደው ያዙት፤ መሄጃ ሲያጣ ተቀደደ።

ጣውላ ቤት ውስጥ

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው የአገር እንጨት ብዙው ዝናብ ከማያጣው ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ፣ ከኢሉባቦር፣ ከጅማና ከወለጋ በኩል ይመጣል። ነጋዴው በመጋዘን ያስቀመጠው ጣውላ የታሰረ ገንዘቡ ነውና ቶሎ ቢሸጥለት ይወዳል። እዚያ ቆሞ ማድረቅ የእሱ ሥራ አይደለም። ስለዚህ «ደረቅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አጥንት ነው!» የሚል ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው «መቼ ተሰነጠቀ? ከተሰነጠቀ በኋላ እንዴት ተቀመጠ?» ብዬ ነው። ሻጩ ወሩን ከነገረኝና ጣውላዎቹ በመካከላቸው ሊስቴሎ የሚባለው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ተደርጎ አየር እንዲገባባቸው ሆነው የተደረደሩ ከሆነ ወሬው እውነትነት አለው። አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፎ የተከመረ ክምር ግን ሦስት ዓመት ቢቆይም መሐሉ እርጥብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሻጋታ ይዞ ይገኛል።

ቀጥሎ እጅና ጆሮ አሉ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች ከአንድ ክምር አንስቶ ማመዛዘን ብዙ ይናገራል፤ አንዱ በጉልህ ከከበደ ውሃ ይዟል። በእጅ ጀርባ ሲነካ እርጥቡ ይቀዘቅዛል። ሲንኳኳ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ይላል። ሻጩ በዚያች ቅዳሜ ሲያንኳኳ ድምፁ ድፍን ነበር፤ ያኔ ግን መስማት አላውቅበትም ነበር።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ጉዳዩን በደቂቃ ይጨርሳል። ሁለት ጥርሶቹ እንጨቱ ውስጥ ገብተው በመካከላቸው ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ይለካሉ፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና። መለካት ያለበት ግን ከጫፍ አይደለም፤ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ሻጩ ከፈቀደ ከጫፉ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ቆርጦ አዲሱን ፊት መለካት ነው።

መሣሪያው ለሌለው ሰው የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው መሐል ሁለት ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ አስቆርጦ ወዲያውኑ መመዘን፤ ከዚያ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ እያዩ ማድረቅ፤ በየሰዓቱ አውጥቶ መመዘን፤ ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም ያ ፍጹም ደረቅ ክብደቷ ነው። የእኔ አንዷ ቁራጭ ስትገባ 84 ግራም ነበረች፣ ስትወጣ 60። ልዩነቱ 24 ግራም ለ60 ሲካፈል 40 ከመቶ። ጣውላው «አጥንት ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ጋር 400 ግራም ውሃ ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ከእርጥበቱ በኋላ የሚታየው የጣውላው ጫፍ ነው። ቀለበቶቹ ወደ ፊቱ ቀጥ ብለው የቆሙለት ጣውላ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ነውና የተረጋጋ ነው፤ ለገበታና ለበር የሚመረጠው እሱ ነው። የግንዱን እምብርት በመሐሉ የያዘ ጣውላ በማንኛውም ዋጋ ቢሰጥዎት አይውሰዱ፤ በዚያ መስመር መሰንጠቁ አይቀርም። ነጣ ያለው የውጭ ክፍል የዛፉ ምግብ የሚከማችበት ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ሥር ካዩ ያ ጣውላ ቤት ያለውን ሌላውን እንጨትም ያስበላል።

ስለ ዛፎቹ

የውጭ የአናጢነት መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው «ጠንካራ እንጨት» እና «ለስላሳ እንጨት» የሚል ክፍፍል ያገኛል። ቃሉ ያሳስታል። ክፍፍሉ የዛፍ ወገን ክፍፍል ነው፦ «ጠንካራ» የሚባሉት ሰፊ ቅጠል ኖሯቸው የሚያብቡት፣ «ለስላሳ» የሚባሉት ደግሞ እንደ ጥድና ዝግባ አበባ የማያወጡት ናቸው። በዚህ አቆጣጠር በእጅ የሚሰባበረው ባልሳ «ጠንካራ» ነው፤ አፈር ውስጥ ተቀብሮ አሥርተ ዓመታት የሚቆመው የሐበሻ ጥድ ደግሞ «ለስላሳ»። ስለዚህ ስሙን ትቶ እንጨቱ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን መጠየቅ ይሻላል።

ዋንዛ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው በምክንያት ነው። ክብደቱ መካከለኛ ነው፣ ለመጋዝና ለመላጊያ ይታዘዛል፣ የልቡ ክፍል ምስጥን ይቋቋማል፣ ደርቆ ከተሠራ ደግሞ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከበሮ የሚቦረቦረው፣ የቤተ ክርስቲያን በር የሚሠራው ከእሱ ነው። በመወደዱ ሌላ እንጨት ቀለም ተቀብቶ በስሙ ይሸጣል። ይህን ለማወቅ ከጣውላው ጠርዝ ላይ በቢላ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ከሥሩ ነጭ ይወጣል። እውነተኛው ዋንዛ ጫፉ በስለት ጠራ ተደርጎ ሲቆረጥ ዐይን የሚያያቸው ጉልህ ቀዳዳዎች አሉት።

እዚህ ላይ ሕጉን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የደን ሕጉ በ1999 እና በ2010 በወጡ አዋጆች ተተክቷል፤ አራቱ ዛፎች የተለየ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው ግን ማንም የደን ባለሙያ አይጠራጠርም። ገበሬ በማሳውና በቡናው ጥላ ያሳደገው ዋንዛ አለ፤ ፈቃድ ተይዞለት፣ ኬላ በወረቀት አልፎ ይመጣል። ወረቀቱን ማየት እፈልጋለሁ ማለት ነውር አይደለም። እኔ አሁን ወረቀት የሌለውን አልገዛም። ሌሊት ከጥብቅ ደን የወጣ ዋንዛ ላይ ቤተሰቤን አስቀምጬ ማብላት አልሻም፤ ከዚህም በላይ በችኮላ የተቆረጠና በድብቅ የተጫነ እንጨት ለማድረቅ ጊዜ አላገኘም።

ዝግባ ወለላ ቢጫ ሲሆን ሸካራነት የለውም፤ ለመሳቢያና ለመደርደሪያ ጥሩ ነው። እርጥብ ሆኖ ከቆየ ግን ሰማያዊ እድፍ ይይዘዋል፣ ምስጥም አይምረውም። ጥድ ሽታው ልብስ ሳጥን ውስጥ ያስደስታል፤ በሚስማር ሲመታ ቶሎ ይሰነጠቃልና ቀድሞ በድሪል መብሳት ያስፈልጋል። ቀረሮ ፈዘዝ ያለና ለስላሳ ፊት ያለው የቤት ዕቃ እንጨት ነው። ወይራ ከሁሉም ይከብዳል፣ ይጠነክራል፤ ትልቅ ጣውላ ስለማይወጣው ለእጀታና ለቶርኖ ሥራ ይሆናል፤ ቁርጥራጩ ደግሞ ለወተት ዕቃ ማጠኛ አይጣልም።

የባሕር ዛፍ ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ልናገርለት የምወደው ነው። አዲስ አበባ በተመሠረተች ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተመንጥሮ አለቀ፤ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። ዛሬም አጣና ሆኖ የሕንፃ መወጣጫ ይሆናል፣ ማገር ሆኖ ግድግዳ ይይዛል፣ ለቤት ዕቃ ሲባል ግን ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ምክንያቱ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት ነው። ግንዱ ውስጡ እንደ ተገተረ ቀስት ስለሆነ መጋዙ ሲያልፍበት ጣውላው ወዲያው ይጎብጣል፤ በችኮላ ሲደርቅ ደግሞ የውስጥ ቱቦዎቹ እንደ ተጨመቀ ገለባ ይጠፈጠፉና ፊቱ ወጣ ገባ ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያረጀ፣ ወፍራም የቀይ ባሕር ዛፍ ግንድ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ በጥላ ቀስ ብሎ ከደረቀ የወንበር እግርና የአልጋ ፍሬም ሆኖ የሚያረጅ እንጨት ነው። ቀለሙ እንደ በሰለ ጠጅ ነው። እኛ ሃያ ዓመት ያልሞላውን ቀጭን ዛፍ ቆርጠን፣ በሳምንቱ ሠርተን፣ «ባሕር ዛፍ አይረባም» እንላለን። በዛፉ ላይ የምንፈርደው ፍርድ ትክክል አይመስለኝም።

ጀማሪ ሰው ግን የቱን ልግዛ ቢለኝ ግራቪሊያ እለዋለሁ። በማሳ ዳርና በቡና ጥላነት የሚተከል ስለሆነ የተፈጥሮ ደን አይነካም፤ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ያወጣል። ብናኙ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ስለሚያስነሳ እጅጌ ረጅም ልብስና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ከእንጨት ብናኝና ከኮላ ተጨምቀው የሚሠሩት ችፑድና ኤምዲኤፍ ለቁም ሳጥን ጀርባና ለተደበቀ ቦታ ይበቃሉ፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ንጣፎቹ መስቀለኛ ሆነው ስለተጣበቁ በወርዱም በቁመቱም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ለመሳቢያ ወለል ከጣውላ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የፈረሰ ቤት እንጨት

ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለ ሰፈሮቹ ያለኝ ስሜት ሌላ ጊዜ የምናገረው ነው። ከቤቶቹ የወጣው እንጨት ግን ዛሬ በገንዘብ የማይገኝ እንጨት ነው፤ ወፍራም የጥድ ቋሚ፣ ሰፋፊ የዝግባ ወለል፣ በመላጊያ ሳይሆን በመጥረቢያ የተጠረበ ምሰሶ። ብዙው ለማገዶ ሄደ።

እኔ ካንድ ፒያሳ አጠገብ ከነበረ ቤት ባለቤት አራት የወለል ሳንቃ ገዛሁ። አምስት ድርብ ቀለም ነበረባቸው፤ ከላይ ቡናማ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ግራጫ፣ የቀሩትን ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ሥራውን አብሮኝ የጀመረው ሽማግሌ አናጢ መላጊያውን አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተገልብጦ ከሥሩ ቀይ የጥድ ፊት ወጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሽማግሌው መላጊያውን አስቀምጦ ሳንቃውን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «ልጄ፣ ይህ እኔ ሳልወለድ የደረቀ ነው» አለኝ።

የአሮጌ እንጨት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከከተማችን አየር ጋር ለብዙ ክረምትና በጋ ሲቀባበል ኖሯል። ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተሰበረ ሚስማር ውስጡ ተደብቆ የመላጊያ ማሽኑን ስለት ይበላል፤ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት በመርካቶው ምንአለሽ ተራ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ጠንካራ ማግኔት ይገኛል፣ በሳንቃው ላይ ሲያንሸራትቱት ሚስማሩ ያለበትን ይነግራል። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ ልጆች ባሉበትም አይነካ። ጫፉን በመሮ ወጋ አድርጎ ምስጥ ያልቦረቦረው መሆኑን ማየትም ያስፈልጋል። ከባለቤቱ እጅ መግዛትና የሽያጭ ወረቀት መያዝ ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ስንት ይበቃል?

እንጨት በሜትር ኩብ ይሰላል። ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ 0.06 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ለመሙላት እንዲህ ያሉ 17 ጣውላዎች ይፈልጋል። የስድስት ሰው ጠረጴዛ እንውሰድ። ገበታው 140 በ70 ሆኖ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር 0.029፤ አራት እግር 7 በ7 ሆኖ 72 ቢረዝም 0.014፤ ከገበታው ሥር የሚዞረው ፍሬም 0.009 ገደማ። ድምሩ 0.052 ይሆናል። መላጊያና መጋዝ የሚበሉትን፣ ተቆርጦ የሚጣለውን ስንጥቅና ጉጥ ለመሸፈን 40 ከመቶ መጨመር ያስፈልጋል፤ 0.073 ይመጣል። እንግዲህ ከላይ ካለው ጣውላ አንዱ አይበቃም፣ ሁለት መግዛት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ጣውላ ተልጎ ሲጨርስ 4 ቢሆን እንዳይገርምዎት።

ቤት ከገባ በኋላ

የገዙት ጣውላ ከ20 ከመቶ በላይ እርጥበት ካለው ሥራውን አይጀምሩ። በአየር ለማድረቅ አናጢዎች በደምሳሳው የሚይዙት ልክ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ ለቀላል እንጨት ያንሳል፣ ለባሕር ዛፍ ይብሳል። የሁለቱን ጫፍ በተረፈ ዘይት ቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ወፍራም አድርጎ መቀባት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ውሃ በጫፍ በኩል በጎን ከሚወጣበት ፍጥነት እጅግ በበለጠ ስለሚወጣ ጫፉ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሊስቴሎዎች በመካከል እያስገቡ መደርደር ነው። ሊስቴሎዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው፤ ካልሆነ ጣውላው በመካከላቸው ይወዛወዛል። ከላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት መጫን መጎበጥን ይቀንሳል። ፀሐይ አያግኘው፣ ነፋስ አይጣው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው በረንዳ ወይም የአልጋ ሥር ይበቃል። በመጨረሻም ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ማሳደር ያስፈልጋል።

ሲሠሩም እንጨቱ እንደሚንቀሳቀስ ታሳቢ አድርጉ። ገበታን ከፍሬም ጋር የሚያስረው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን፤ ገበታው ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲጠብ ብሎኑ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አራት ሞላላ ቀዳዳ መብሳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የእኔ የመጀመሪያ ጠረጴዛ የተሰነጠቀው በዚህች ሩብ ሰዓት ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን አልጋዬ ሥር አራት የዋንዛ ጣውላ አለ። ባለወረቀት ነው፤ ሲመጣ ከአንዱ ቁራጭ አስቀርቼ ጫፎቿን እንደ ጣውላዎቹ በቀለም ዘግቼ አብሬያቸው አኖርኋት፤ በየእሑዱ ከቡና በኋላ እመዝናታለሁ። ስትገባ 588 ግራም ነበረች። ልጄ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋል። ለፋሲካ 520 ደረሰች፤ ክረምቱ ሲገባ ቆማ ቆየች፣ እንዲያውም በአንዱ የሐምሌ እሑድ ሁለት ግራም ጨመረች። ከመስከረም በኋላ ደግሞ መውረድ ጀመረች። 471፣ 465፣ 462። ያለፉት ሦስት እሑዶች 459 ናቸው። ቅዳሜ መላጊያውን አስሞርዳለሁ።